ባለ ቢጫ እግሩ ተርብ



ተርብ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን መርዘኛ መንደፊያው ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ሰውን ስለማይነድፍ፣ ይልቁንም የገበሬውን እህል ስለሚጠብቅ አንድ ደቃቅ ተርብ ነው። ሊቃውንት ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ይሉታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን ቋንቋ «ባለ ቢጫ እግር» ማለት ነው።

ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ገላው ጥቁር፣ እግሮቹ ቢጫ፣ አራቱ ክንፎቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው። የወንዱ የራስ ቀንድ ከእንስቷ ይረዝማል።

የጥንት ሀገሩ እስያ ሲሆን፣ መኖሪያው ማሽላ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልበት ስፍራ ነው፤ የሚፈልገው አገዳ ቆርቁር የተባለው ትል በእነዚህ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራልና። እንስቷ የተጎዳውን ተክልና የትሉን ኩስ ሽታ ተከትላ በቀዳዳው ትገባለች። አንዳንድ ጊዜ ትሉ ነክሶ ይገድላታል። ከቀናት ግን በቅጽበት አርባ ያህል እንቁላል በገላው ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈሉት እጮች ሁለት ሳምንት ያህል ገላውን ተመግበው ይወጡና ነጭ የሐር ልባስ ይፈትላሉ፤ ትሉም ይሞታል። ከስድስት ቀን ገደማ በኋላ አዲሶቹ ተርቦች ይበራሉ፤ ዕድሜያቸውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ነጠብጣባሙ አገዳ ቆርቁር ከእስያ ወደ አፍሪቃ የገባው ይህን ጠላቱን ትቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ በረታ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ተርቡን ከፓኪስታን አስመጥቶ በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለቀቀው። በኋላም በሌሎች ሀገሮች ተለቀቀ። በሀገራችን ማንም ሳይለቀው በተመራማሪዎች ተገኝቷል፤ ከሶማልያ በኩል ተሻግሮ እንደ መጣ ይገመታል።

እንግዲህ ጉዳዩ ለገበሬው ብቻ የሚተው አይደለም። በአገዳው ውስጥ የተሸሸገውን ትል የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ በውጭ የሚበረውን ተርብ ግን ፈጥኖ ይገድለዋል። ያለ ምክር የሚረጭ ሰው ጠላቱን ትቶ ዘበኛውን ያጠፋል። ስለዚህ በገጠር ዘመድ ያለው፣ ወይም በሥራው ገበሬን የሚያማክር ሁሉ፣ ከመርጨት በፊት የግብርና ባለሙያ እንዲጠየቅ ቢያሳስብ፣ ይህን ትንሽ ወዳጅ ከጥፋት፣ እህሉንም ከትል ያድናል።