የአንበሳ ጎፈርና የሚያብረቀርቅ ልብስ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዘፈን በጆሮ ብቻ የሚሰማ ነገር ይመስልዎታልን? እንዲያ ቢሆንማ ኖሮ ዘፋኝ ሁሉ ወደ መድረክ ከመውጣቱ አስቀድሞ መስተዋት ፊት ባልቆመ ነበር።

እስቲ ነገራችንን ከሩቅ ሳይሆን ከጋይንት እንጀምር። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው ድጓን አጠናቆ የሚመሰክረው ቤተ ልሔም መሆኑን ያውቃሉ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእግሩ ተጉዞ ከዚያ ይደርሳል። ስሟ ለአንድ የዜማ ስልት መጠሪያ ሆኖ በመላ አገሪቱ ሲነገር ይኖራል። በዓል ሲውል ደግሞ ያው ደበሎ ለባሽ የነበረው ሰው ጠምጥሞ፣ ካባ ደርቦ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሲያሸበሽብ፣ ዐይንም እንደ ጆሮ ድርሻውን ያገኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭም ቢሆን በዚያው አገር ሽለላና ፉከራ ያለ ጎፈርና ያለ ለምድ ሙሉ አይሆንም። የዓላማቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም፣ ልብስ ከዜማ ጋር እንደሚሄድ ሁለቱም ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1971 ማርክ ቦላን የሚባል ወጣት ጉንጩን የሚያብረቀርቅ ብናኝ ተቀብቶ በቴሌቪዥን ታየ። በ1972 ዴቪድ ቦዊ ጸጉሩን ቀይ ቀለም ነክሮ፣ ዚጊ ስታርደስት የተባለ ከሕዋ የመጣ ሰው መስሎ ብቅ አለ። ወላጆች ተቈጡ፤ ልጆች ግን ተከተሉ። ይህ ስልት ግላም ሮክ ተባለ። የገነነበት ዘመን ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት የፐንክና የ1980ዎቹ የሮክ ቡድኖች ከአለባበሱም ከአቋሙም ብዙ ወርሰዋል።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፣ ቦላን ጉንጩን ከመቀባቱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ በአዲስ አበባ ምን ይደረግ እንደ ነበር ያውቃሉን? በ1935 በይፋት የተወለዱት አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1949 በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሥራ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጀግናውን ሽለላ ከአፍ ወስደው በሳክስፎን ነፉት። ነፍተውትም አልቀሩ፤ የአውሬ ቆዳ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ቆሙ። መሣሪያው የውጭ ነው፤ ጩኸቱ ግን የአርበኛ ነው።

አቶ ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ መንገዱን ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። በወጣትነታቸው ጸጉራቸውን አበጥረው፣ እንደ አሜሪካኖቹ ለብሰው የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈን ይዘፍኑ ነበር። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» መባላቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ዝናቸው የገነነው በአማርኛ መዝፈን በጀመሩ ጊዜ ነው። ልብሱ ሕዝቡን ጠራው፤ ያስቀመጠው ግን ቋንቋው ነው። «ተማር ልጄ» የተሰኘውን ዘፈናቸውን ስንቱ ተማሪ በቃሉ ይዞታል!

በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት ግን በ1969 ደፍረው የራሳቸውን ማሳተሚያ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውም ሸክላ የዓለማየሁ ነበር። እንዲህ ያለ ድፍረት ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድምፅ ከምሽት ቤቱ ጭስ ጋር በንኖ በቀረ ነበር።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊቱ መድረክ ጨለመ። አቶ አምኃም በ1975 አገር ለቀው ሄዱ። ጎፈሩም፣ የተበጠረው ጸጉርም፣ ያማረው ሱፍም ከዐይን ራቀ። ታዲያ ምን ተረፈ? ሸክላው ተረፈ! ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እየሰበሰበ በፓሪስ አሳተመው፤ 9ኛው ቅጽ የአቶ ዓለማየሁ፣ 14ኛው የአቶ ጌታቸው ነው። በ2006 አቶ ጌታቸው በ71 ዓመታቸው ከሆላንድ የሮክ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አወጡ። የሮክ ሰዎቹ ሽለላን ሊማሩ መጡ እንጂ እርሳቸው ሮክን ሊማሩ አልሄዱም።

ዴቪድ ቦዊ በጥር 2016 አረፈ፤ አቶ ጌታቸው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ተከተሉት። አቶ አምኃና አቶ ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2021 ተለዩን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪም ይሁኑ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከውጭ የመጣ ፋሽን ቢያምርዎ የሚነቅፍዎ አይጠፋም። እኛ ግን አንነቅፍዎትም፤ ይልበሱት፣ ጸጉርዎንም እንደ ወደዱ ያበጥሩት። ብቻ አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ልብሱ ያረጀ ዕለት፣ ከሥሩ የራስዎ የሆነ ድምፅ ይገኛልን? ዓለማየሁን ከኤልቪስ ጥላ ያወጣቸው፣ ጌታቸውንም እስከ ሆላንድ ያስከበራቸው ይህ ነበርና።