የውስጥ ዲዛይን መሠረታውያን በጎንደር ሕንፃዎች ሲታዩ

የውስጥ ዲዛይን ሲባል በብዙዎች ዘንድ የሚታሰበው የሶፋና የመጋረጃ ግዢ ነው። ሙያው ግን ከግዢው በፊት ይጀምራል። አንድ ክፍል ለምን አገልግሎት እንደሚውል ከተለየ በኋላ የቦታውን ስፋት፣ መስመሩን፣ ቅርጹን፣ ብርሃኑን፣ ቀለሙንና የገጹን ልስላሴ ወይም ሻካራነት አስማምቶ ማደራጀት ነው። የሚደራጁባቸው መርሆዎችም ሚዛን፣ ምጣኔ፣ ድግግሞሽ፣ የትኩረት ነጥብና ኅብር ይባላሉ።

ስያሜዎቹ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም ነገሩ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ የመሠረቱት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ በቂ ማሳያ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዐይን በቅድሚያ የሚያርፈው ከመቅደሱ መግቢያ በላይ በተሣሉት ስቅለትና ሥላሴ ላይ ነው፤ የትኩረት ነጥብ ማለትም ይኸው ነው። በጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ገጾች ከመቶ ይበልጣሉ። ገጾቹ ተመሳሳይ ቢሆኑም ዐይኖቻቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚመለከቱ ድግግሞሹ አይሰለችም። ሕንፃው ሰፊ ባይሆንም ጠባብነቱ አይሰማም።

ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ በቁስቋም ኮረብታ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ከነፍርስራሹ ቆሟል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የተስተናገደው በዚሁ ግቢ ነበር። ዛሬ የድንጋይ ግድግዳው ሲቀር ጣሪያው፣ ምንጣፉና መጋረጃው የለም። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንም ወድሟል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተርፏል። ከአንድ ሕንፃ ቀድሞ የሚጠፋው ውስጡ ነው።

ለውስጥ ጥፋት ግን ጦርነት ብቻ ምክንያት አይደለም፤ የቢሮ እድሳትም ሊሆን ይችላል። በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936-1941) የቀሩ ሕንፃዎች ዛሬም አገልግሎት ይሰጣሉ። ለተጨማሪ ጠረጴዛ ሲባል አንድ አዳራሽ በኮምፔንሳቶ ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚጎዳው ምጣኔው፣ ቀጥሎም ብርሃኑ ነው። የቀድሞው የእንጨት ዕቃ ደግሞ በአሮጌ ንብረትነት ተመዝግቦ በጨረታ ይወገዳል።

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት ሌላ አካሄድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው አዳራሽ በጥቅምት 2024 እንደገና ሲከፈት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ብቻ ሳይሆን የቀድሞው የቤት ዕቃም ታድሶ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ለተራ ቢሮ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልግም። የመስኮት ብርሃን ከጎን እንዲመጣ ጠረጴዛን ማዞር፣ ግድግዳን ነጣ ባለ ቀለም መቀባት፣ ለባለጉዳይ መተላለፊያ መተው ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከእድሳት በፊት ክፍሉን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የዕቃውን ዓይነትና ዘመን መመዝገብም የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው።