ነገን ለኤምኬታይም ተዉለት

በሲ ቋንቋ ሲስተም ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ለኤምኬታይም ተገቢውን ቦታ አይሰጡትም። ያሳዝነኛል፤ በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ የእሱን ያህል ድካም የሚያቀል ፈንክሽን ጥቂት ነው።

ሥራው ግልጽ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት የተሞላበትን ስትራክት ቲኤም ተቀብሎ ታይም_ቲ ይመልሳል። ወር ከ0 እንደሚጀምር፣ ዓመትም ከ1900 ወዲህ እንደሚቆጠር ማንም ያውቃል።

ብዙዎች ልብ የማይሉት ልኩን ያለፈ ቀን ማቃናቱን ነው። ኦክቶበር 35 ብትሰጡት ኖቬምበር 4 ብሎ እዚያው ስትራክቱ ላይ ያርመዋል፤ የሳምንቱን ቀን ሳይቀር ይሞላላችኋል።

ታዲያ ይህ እያለ «ነገ»ን ለማግኘት 86,400 ሰከንድ መደመር ምን ይባላል? አዲስ አበባ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ስህተቱ አይታየውም፤ የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንደቀደመ ነው። አንድ ባልደረባዬ የጻፈውን የቀጠሮ ፕሮግራም ስገመግም ያንኑ ድምር አገኘሁ። የሰዓት ክልሉን ወደ ዋሽንግተን ቀይሬ ኖቬምበር 1 ቀን 2026 የሚጀምርበትን እኩለ ሌሊት ሰጠሁት። ያን ቀን አሜሪካ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ዕለቱ 25 ሰዓት አለው። ፕሮግራሙ «ነገ» ብሎ ያወጣው ያንኑ ኖቬምበር 1ን ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። የሐኪም ቀጠሮ የያዘ ሰው በዚህ ይጉላላል።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው፦ ቲኤም_ኤምዴይ ላይ 1 ደምሩ፣ ቲኤም_ኢዝዲኤስቲን -1 አድርጉ። -1 ማለት «የሰዓት ለውጡን ራስህ አጣራ» ማለት ነው። እባካችሁ ሁለተኛውን መስመር አትዝለሉ፤ ስትራክቱ ከሎካልታይም የመጣ ከሆነ የቀድሞውን 1 እንደያዘ ይቀርና እንደገና ምሽት 5 ሰዓት ላይ ይጥላችኋል።

በሁለት ጊዜያት መካከል ያለውን ልዩነት በዲፍታይም አስሉ፤ ታይም_ቲ የግድ ሰከንድ ይቁጠር የሚል ሕግ በሲ ስታንዳርድ የለም። በ32 ቢት በሚቆጥሩ የቆዩ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ቆጠራው የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ።

ኤምኬታይም ሳይሳካለት ሲቀር -1 ይመልሳል። ችግሩ፣ 1970 ሊገባ አንድ ሰከንድ ሲቀረው የነበረው ጊዜም -1 ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቲኤም_ደብሊውዴይን -1 አድርጉት፤ ከጥሪው በኋላም -1 ከሆነ ስሌቱ አልተሳካም።