ያውቁ ኖሯል? የስፖርት መኪና፣ ኦል ሲዝን ጎማና ብርድ

ያውቁ ኖሯል? ለሙቀት ወራት የተሠራ የሰመር ጎማ እንዲከዳዎት የግድ በረዶ መጣል የለበትም። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ላስቲኩ መጠንከር ይጀምራል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ መንገዱን እንደ ወትሮው አይነክስም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 7 ዲግሪ ማለት ተራ የኅዳር ማለዳ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሹፌሩ ምንም ሳይጠረጥር መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ታመልጠዋለች።

ለነገሩ ይህን ሙቀት ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ በብዙ ያንሳል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት አንድ ዓይነት መኪናዎች በክረምት ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ስምንተኛው ትውልድ ሸቭሮሌት ኮርቬት ስቲንግሬይ በመደበኛው አሠራሩ የሚሽሊን ኦል ሲዝን (ለዓመቱ ወራት ሁሉ ተብሎ የተሠራ) ጎማ ተገጥሞለት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ዜድ 51 የሚባለው የስፖርት ዕቃ ከተጨመረለት ግን ጎማው ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሰመር ጎማ ነው። ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚገዙ ከሆነ ሞተሩን ከመስማትዎ በፊት ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን ያንብቡ። በሐምሌ የተገዛች መኪና ያለባትን ጉድለት የምታሳየው በኅዳር ነው።

የሰመር ጎማ በብርድ መንሸራተት ብቻ ሳይሆን ሊሰነጠቅም ይችላል። ከዜሮ በታች ከ7 ዲግሪ በባሰ ቅዝቃዜ ያደረ የሰመር ጎማ እንዲታጠፍ ወይም እንዲጫን ሲደረግ ጥርሱ ላይ ስንጥቅ ሊያወጣ ስለሚችል፣ አምራቾች መኪናዋን ከቆመችበት ጨርሶ እንዳያንቀሳቅሷት ያስጠነቅቃሉ። እንዲህ ያደረ ጎማ ቢያንስ 5 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ 24 ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። ስንጥቁ የፋብሪካ ጉድለት ተደርጎ ስለማይታይ በዋስትና አይሸፈንም። ውድ ጎማ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ብዙዎች የሚሰሙት ጎማው ከተሰነጠቀ በኋላ ነውና።

ብርዱ ላስቲኩን ምን ያደርገዋል? ጎማ አስፋልት የሚይዘው ላስቲኩ በአስፋልቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን እብጠቶችና ቀዳዳዎች ላይ ተጭኖ ቅርጻቸውን ሲይዝ ነው። ለዚህ ደግሞ ሞለኪውሎቹ መንቀሳቀስ መቻል አለባቸው። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር እንቅስቃሴያቸው እየቀነሰ ይሄድና ላስቲኩ ወደ ጠጣር ፕላስቲክነት ይጠጋል። ይህ የሚጀምርበትን ሙቀት የሚወስነው ውህዱ ነው። የሰመር ጎማ ቀማሚ ውህዱን የሚመርጠው ለጋለ አስፋልት ነው፤ የዊንተር ጎማ ቀማሚ ከዜሮ በታችም ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ውህድ ይፈልጋል፤ የኦል ሲዝኑ ቀማሚ ሁለቱንም ለማስደሰት ይጥራል። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ከካርቦን ጥቀርሻ ይልቅ ሲሊካ በብዛት የገባበት ጎማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ ጥረት ብዙ ቀሎለታል፤ ሲሊካ ጎማው በርጥብ መንገድ ላይ ያለውን ጉልበት ሳያሳጣ በቀላሉ እንዲሽከረከር አድርጎታል።

በአሜሪካ ኦል ሲዝን ራዲያል ጎማን ለሕዝብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጉድይር ቲየምፖ ነው። ከዚያ በፊት ብርዳማ አገር የሚኖር ሰው በየዓመቱ ሁለቴ ጎማ ይቀይር ነበር። ፊንላንዶች ደግሞ ከዚያ 43 ዓመት ቀድመው፣ በ1934፣ የበረዶ ጎማ ሠርተዋል፤ ዛሬ ኖኪያን ታየርስ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው። በ1936 ለትናንሽ መኪናዎች ያወጡት ሃካፔሊታ ስሙን እንደያዘ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

በጎማው ጥርስ ላይ በስለት የተቀደዱ የሚመስሉትን ቀጫጭን መስመሮች አስተውለዋቸው ያውቃሉ? ሳይፕ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት ጆን ሳይፕ ከሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውየው ቄራ ውስጥ ይሠራ እንደነበርና በርጥቡ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት የጫማውን ሶል በቢላዋ ይተለትለው እንደነበር ይነገራል። በ1923 ሐሳቡን በባለቤትነት አስመዘገበ። መስመሮቹ በረዶ ላይ የሚነክስ ጠርዝ ያበዛሉ። ዋጋም ያስከፍላሉ፤ ጥርሱ ስለተከፋፈለ በሙቀት ወራት በፍጥነት ሲታጠፉ ጎማው በትንሹ ይወላገዳል፣ መሪውም እንደ ሰመር ጎማ ስል አይሆንም። በሌላ በኩል ኦል ሲዝን ረጅም ዕድሜ አለው፦ በአሜሪካው የመበላት መለኪያ ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300 ሲሰጠው ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ደግሞ 540 ተሰጥቶታል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ጎማው ጎን ላይ ኤም እና ኤስ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ጎማው ለጭቃና ለበረዶ ይሆናል ማለት ነው ይባላል። ያውቁ ኖሯል? እነዚህን ፊደላት ለማተም ማንም ጎማውን በረዶ ላይ አይፈትነውም። የሚጠየቀው የጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የተባለውን ያህል ከሆነ ፊደላቱ ይታተማሉ።

በእውነት የተፈተነውን ጎማ የሚለየው ምልክት ሌላ ነው፦ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት። ይህ ምልክት በአሜሪካና በካናዳ በ1999 ተጀመረ። ምልክቱን ለማግኘት ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠ ጎማ በተወሰነ መጠን የበለጠ ጉልበት ማሳየት አለበት። ሆኖም በአሜሪካው ፈተና የሚለካው መኪናዋ ስትነሳ ያለው አያያዝ ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ መታጠፊያ ሲዞር፣ በረጋ የመስታወት በረዶ ላይ ምን እንደሚሆን ፈተናው አይናገርም። ተራራው ያለበት ኦል ሲዝን ገዝቻለሁ ብሎ በሚኒያፖሊስ የጥር በረዶ ላይ እንደ ዊንተር ጎማ የሚነዳ ሰው ምልክቱ ያልገባለትን ቃል እየጠበቀ ነው።

ለስፖርት መኪና ከሚሸጡት እጅግ ከተወደዱት ኦል ሲዝኖች ሁለቱ፣ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲደብልዩኤስ 06 ፕላስ፣ ተራራውን አልያዙም፤ ያላቸው ኤም እና ኤስ ነው። መጥፎ ጎማዎች ናቸው ማለት አይደለም። በብርድና በዝናብ፣ አልፎ አልፎም በስስ በረዶ ላይ ጥሩ ናቸው። የኮንቲኔንታሉ ደግሞ በጣም የምወደው ብልሃት አለው፦ ጥርሱ ላይ ዲ፣ ደብልዩ እና ኤስ የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ለደረቅ፣ ለርጥብና ለበረዶ ማለት ናቸው። ኤስ ተበልታ ስትጠፋ ጎማው ለበረዶ መሆኑ አብቅቷል፤ ደብልዩ ስትጠፋ ለዝናብ መሆኑም አበቃ። መለኪያ የሌለው ሰው እንኳ በዓይኑ ሊያነበው ይችላል።

ታዲያ የትኛውን ይግዙ? የእኔ ፍርድ የሚቆመው በሚኖሩበት ከተማ ላይ ነው። በዲሲ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ ወይም በሲያትል የሚኖርና በረዶ በሚጥልባቸው ጥቂት ቀናት መኪናውን አቁሞ በባቡር መሄድ የሚችል ሰው፣ ለስፖርት መኪና የተሠራ ጥሩ ኦል ሲዝን ይበቃዋል። ሚኒያፖሊስ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም ከሆኑ ግን ሁለተኛ ቸርኬ ገዝተው እውነተኛ ዊንተር ጎማ ይግጠሙ። ወጪው ያሳስባል፤ ግን አንዱ ጎማ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜ ያገኛሉ።

ስፋት ለስፖርት መኪና ኩራት ነው፤ የኮርቬቱ የኋላ ጎማ 305 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ያውቁ ኖሯል? በረዶ ላይ ይኸው ስፋት ጠላት ነው። የመኪናዋ ክብደት በሰፊ ቦታ ስለሚበተን ጎማው በረዶውን ቆርጦ ወደ ታች ከመድረስ ይልቅ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃ የተኛበት መንገድ ላይም እንዲሁ። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ለክረምት ጠበብ ያለ ጎማ፣ አነስ ያለ ቸርኬና ከፍ ያለ የጎማ ጎን ይመርጣሉ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲመርጡ የፍሬኑን ትልቅነት ያስለኩ፤ የስፖርት መኪና ፍሬን ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ ላይገባለት ይችላል።

አራቱም ጎማ የሚነዳት መኪና ቶሎ ትነሳለች፤ ቶሎ ግን አትቆምም። ፍሬን ሲይዙ ሥራው የጎማው ነው።

ዊንተር ጎማ ከኋላ ብቻ ማሰር፣ ኃይሏ ከኋላ ለሆነች መኪና እንኳ፣ አደገኛ ነው። የሚያዞረውና ከፍሬኑ ሥራ ትልቁን የሚሸከመው የፊቱ ነው። ከፊት ብቻ ከታሰረ ደግሞ መኪናዋ በጀርባዋ ትዞራለች። አራቱም አንድ ይሁኑ።

ጎማው ጎን ላይ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ፖርሸ ያጸደቃቸው ጎማዎች ኤን የሚል ፊደልና ቁጥር አለባቸው፤ የቢኤምደብልዩ ምልክት ኮከብ ነው።

የፍጥነት ፊደላትስ? ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270፣ ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳሉ። ጀርመን ውስጥ መኪናው ከሚችለው ፍጥነት ያነሰ ፊደል ያለው ዊንተር ጎማ መግጠም ይቻላል፤ ግን የጎማው ጣሪያ በሹፌሩ ዓይን ፊት ተለጥፎ መታየት አለበት።

የጎማ አየር በብርድ ይቀንሳል፦ በየ5.6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ። በ25 ዲግሪ የተነፋ ጎማ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከ4 ፒኤስአይ በላይ አጥቷል። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪናዎች ሁሉ የጎማ አየር መጠቆሚያ አላቸው፤ መብራቱ ግን የግድ መብራት ያለበት ግፊቱ ከሚመከረው 25 በመቶ ሲያንስ ነው። 36 ፒኤስአይ ለሚፈልግ ጎማ ይህ 27 ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዳሽቦርዱ ዝም ሊል ይችላል። ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይለኩ።

ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኩቤክ የተመዘገበች መኪና ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ተራራው ያለበት ጎማ ማሰር ግዴታዋ ነው። ጀርመን በረዶና ውርጭ ባለበት መንገድ ላይ ኤም እና ኤስ ብቻ ያለውን ጎማ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አትቀበልም። ኦስትሪያ የዊንተር ጎማ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ትጠይቃለች፤ በብዙ አገር ለተራው ጎማ 1.6 ይበቃል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይያዙ፦ አይ 70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ መንገድ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ኃይሏ በሁለት ጎማ ብቻ የሆነ መኪና ተስማሚ ጎማ ከሌላት ሰንሰለት ወይም መሰል መሣሪያ መያዝ አለባት። ኤም እና ኤስ እዚህ ተቀባይነት አለው፤ የጥርሱ ጥልቀት ግን ከ4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ማነስ የለበትም።

ያውቁ ኖሯል? ጎማው መቼ እንደተሠራ ራሱ ይናገራል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይፈልጉ፤ የፊተኞቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። 4123 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. 41ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ቁጥሩ በአንደኛው ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል፣ በውጪ በኩል ካላገኙት መኪናዋ ከፍ ስትል ጎሚስታውን በውስጥ በኩል እንዲያነብልዎት ይጠይቁት።