የአጥቢያውን መኪና ቀለም በሰም መጠበቅ

ለአጥቢያ አገልግሎት የሚውል ተሽከርካሪ ከምእመናን አስተዋፅኦ የተገኘ ንብረት ነው። ለሞተሩና ለጎማው ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ቀለሙ ግን ለጌጥ ብቻ የተቀባ ስለሚመስል ይዘነጋል። ሆኖም ቀለም ላሜራውን ከእርጥበት የሚከላከል ልብሱ ነው። ልብሱ ሲሳሳ ዝገት ይገባል፤ በአንድ ቆርቆሮ ሰም ይጠበቅ የነበረውም ንብረት የጋራዥ ጥገናና አዲስ ቀለም ይጠይቃል።

በአካባቢያችን ይህ አደጋ በሁለት ወገን ይመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህም የቀለሙን የላይኛውን ግልጽ ሽፋን እያደረቀ ያደበዝዘዋል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ መኪና የደጋውን ጉምና ጭቃ፣ የቆላማውን ሙቀትና አቧራ ይፈራረቅበታል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በጽድና በወይራ ሥር ሲቆም ደግሞ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ይወርድበታል።

ሰም በቀለሙ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ጉዳቱን ይቀበልለታል፤ ስለዚህም በየጊዜው ይታደሳል። ጧፍ የምንሠራበት የንብ ሰም ብቻውን ለዚህ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ በቀትር ፀሐይ ላይ ሲለሰልስም አቧራ ይይዛል። በብዙ የመኪና ሰሞች ውስጥ የሚገባው የብራዚል ዘንባባ ውጤት የሆነው ካርናውባ ግን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል።

ሥራው በማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ ላሜራው ለመዳፍ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲገኝ ይጀመር። አስቀድሞ አቧራው በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። ከዚያም አንድ ባልዲ ለሳሙና ውሃ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ ተዘጋጅቶ፣ ከጣሪያው ወደ ታች በመኪና ሻምፖ ይታጠብ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና የነበረውን ሰም ስለሚያነሣ አይመከርም። የደረቀ የወፍ ኩስ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ እስኪርስ ይጠበቅ እንጂ በደረቁ አይፈተግ። የእጣቢው ውሃ ወደ ጠበልና ወደ ምንጭ እንዳይወርድ ቦታው ይመረጥ።

መኪናው በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከደረቀ በኋላ ሰሙ በጥቂቱ በስፖንጅ ተወስዶ በስሱ ይቀባ፤ መጀመሪያ የኮፈኑ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሌላው ግማሽ፣ እንዲሁም ፓራፋንጎውና በሮቹ በየተራ። በጎማና በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጭ ምልክት ስለሚተው አይነካ። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ በጣት ጫፍ ይሞከር፤ ጣቱ ያለፈበት ጥርት ብሎ ከታየ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይወልወል። በወፍራሙ መቀባት ሰሙን ያባክናል፤ ጥበቃውን አይጨምርም።

አንዳንዶች መኪናውን ለማብረቅ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ይቀባሉ። ብርሃኑ ለጊዜው ያታልላል፤ ቅባቱ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ቀለሙንም ይጎዳል። ዝገት የጀመረ ቦታም ሰም አያድነውም፤ ተፍቆ ፀረ ዝገትና ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ሰሙ የሚከተለው።

በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ክረምቱ ሳይገባ በሰኔ፣ ዝናቡ ሲያበቃ በጥቅምት፣ በበጋው አጋማሽ በየካቲት ቢደረግ መልካም ነው። ውሃ በላዩ ላይ እንደ ጤዛ መንጠባጠቡን ትቶ ተዘርግቶ ከታየ ግን ጊዜው ሳይደርስም ይታደስ። የሰበካ ጉባኤው ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ የተሠራበትን ቀን ከዘይት ቅያሪው ጋር በመኪናው መዝገብ ቢያስጽፍ፣ ሾፌር ቢለዋወጥም እንክብካቤው አይቋረጥም።