ቁልቁለቱን የጠረበ ክንድ ለማን ደከመ?

የጋይንት ገበሬ ከደጋው አፋፍ ቆሞ ወንዙን በዓይኑ ያየዋል፤ ውሃውን በእጁ ለመንካት ግን ገደሉን መውረድ አለበት። በንፋስ መውጫ ዙሪያ ባሉት ሸለቆዎች ትራክተርም ሆነ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወንዝ ዳር የሚደርሰው ቁልቁለቱ ሲጠረብለት ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ውሃ የሚወርድ መንገድ ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ መሆኑን መገንዘብ ይገባናል።

ጥያቄው ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሠረገላ አስጎትተዋል። ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም። ጋይንትን አቋርጠው የጨጨሆን ገደል ካለፉ በኋላ፣ ከዋድላ ደጋ ወደ ዥጣ ወንዝ 1,000 ሜትር ያህል የሚወርደው ቁልቁለት ተደቀነባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ሕዝቡ ዐለት እየፈለጠ፣ ለሳምንታት ከተደከመ በኋላ መድፉ ወረደ፤ ማዶውንም ወጣ። የበሸሎም ሸለቆ በዚሁ አኳኋን ታልፎ መድፉ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

የተደራጀ ጉልበት ዐለትን እንደሚያሸንፍ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ይሁን እንጂ ሁለተኛውን ገጽ መሸፈን አይገባንም። መንገዱ የተጠረበው የበጌምድር ሕዝብ በዘመቻ በተዘረፈበት፣ ቤቱም በተቃጠለበት ዘመን ነበር። መንገዱ እህሉን አላወጣለትም፤ ውሃም አላቀረበለትም። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ የጄኔራል ናፒየር ጦር በዚያው መንገድ ወደ ዥጣ ወረደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሕይወታቸውን አጠፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

ከመቶ ዓመታት በኋላ በቻይና እርዳታ የተሠራው የወልድያ–ወረታ መንገድ በጨጨሆና በንፋስ መውጫ አልፎ ሌላ ታሪክ ጻፈ፤ መኪናው የጫነው እህልና ተጓዥ ሆነ። ልዩነቱን የወሰነው ዓላማው ነው።

ዛሬም ወደ ወንዝ መንገድ ለመጥረብ የሚነሣ ማኅበር ሁለት ነገሮችን አጥብቆ መያዝ አለበት። አንደኛው ሙያው ነው። በቀጥታ ቁልቁል የተቀደደ መንገድ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ሸንተረሩን ተከትሎ እየተጠማዘዘ ይውረድ፤ በተራራው በኩል የውሃ ቦይ፣ በገደሉ በኩል የድንጋይ ካብ ይኑረው። የጫነ ተጎታች ቁልቁል ትራክተሩን ከኋላው ይገፋዋልና መታጠፊያው ሰፊ፣ ዘቅዛቃነቱም ለዘብ ያለ ይሁን። ማዞሪያው ሜዳ የክረምት ሙላት ከሚደርስበት በላይ ይሁን።

ሁለተኛው ስምምነቱ ነው። መንገዱ የማንን ማሳ ይቆርጣል? ካሣውን ማን ይከፍላል? ውሃው ሲወጣ ትራክተር የሌላት መበለት ተራ ታገኛለች ወይ? ክረምቱ ሲያልፍ ቦዩን የሚጠርገው ማነው? እነዚህ ጥያቄዎች በጉባኤ መካከል መልስ ሳያገኙ ዶማ አይነሣ።

ዐለት በተባበረ ክንድ ይፈለጣል። የተፈለጠው መንገድ ከክረምት ክረምት የሚዘልቀው ግን፣ የጠረበው ሰው ራሱ የሚጠቀምበትና «የእኔ ነው» ብሎ የሚጠብቀው ሲሆን ነው።