ምች ነው የተባለው ሉፐስ

በሰሜን ወሎ፣ በመርሳ ዙሪያ ማሽላ ስታርም የዋለች፣ ወይም መንገድ ዳር ተቀምጣ ማንጎና ፓፓያ ስትሸጥ የዋለች ሴት ማታ ፊቷ ተቃጥሎ፣ አፏ ቆስሎ፣ ትኩሳት ይዟት ብትገባ ጎረቤቱ ሁሉ «ምች መታት» ይላል። ዳማከሴ ይታሻል፤ ተጨምቆም በቡና ይጠጣል። አብዛኛውን ጊዜም ትድናለች፤ ምች ከሚባለው ሕመም ብዙው በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነውና። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ያው ምች ፀሐይ በነካት ቁጥር ሲመለስ፣ ሁለቱን ጉንጮቿንና የአፍንጫዋን አናት ይዞ አልለቅ ሲል፣ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲሏት፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ነው። ያኔ ሉፐስ ሊሆን ይችላል።

ሉፐስ ሰውነትን ከተህዋስያን የሚጠብቀው የመከላከያ ሥርዓት በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምንና ኩላሊትን የሚጎዳበት፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ በብዛት የሚጀምረውም በመውለጃ ዕድሜ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመሳምም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም፣ በትዳርም አይጋባም።

እናቶቻችን በምች ፀሐይን መጠርጠራቸው ግን ልክ ነበር። ፀሐይ የሉፐስን ሽፍታ ታመጣለች፤ ከዚያም አልፋ ተኝቶ የቆየውን በሽታ በውስጥ አካል ጭምር ትቀሰቅሳለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ያለችው ወልድያ ከመርሳ ቀዝቀዝ ማለቷ ከጨረሩ አያድንም። ቀጭን ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፤ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ መያዝ ይሻላል። አረም ሰዓት አይመርጥም የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ጉዳዩ የታማሚዋ ብቻ ሳይሆን የባልና የልጆችም የሚሆነው፤ የቀትሩን ሥራ እነሱ ይረከቧት።

ሽፍታው ማድያት ተብሎም ይታለፋል። የሕክምና መጻሕፍት ቀይ ቢራቢሮ አስመስለው ያሳዩታል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። ማድያት ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አያመጣም። ይህን ሳይለዩ ከሱቅ ገዝቶ የፊት ማቅያ መቀባት ጉዳት አለው። አንዳንዱ ክሬም ብርቱ ስቴሮይድ ስላለበት ሽፍታውን ለጊዜው ያጠፋል፤ ቆዳውን ያሳሳል፤ ምልክቱንም ከሐኪሙ ይደብቃል።

በመርሳ ዙሪያ ያለው የሐብሩ ቆላ ወባን በደንብ ያውቃል። እዚያ ላለ ሰው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲታዘዝለት «ወባ ሳይዘኝ የወባ መድኃኒት ሰጡኝ» ቢል አይገርምም። መድኃኒቱ በእርግጥ ለወባ የተሠራ ነው። ሆኖም ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ለሉፐስ ሽፍታ ሲሰጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1894 ለንደን ውስጥ ተመዝግቧል፤ ከዚያው ወገን የሆነው ይህ ክኒን ዛሬ የሉፐስ ሕክምና መሠረት ነው። የበሽታውን ማገርሸት ይቀንሳል፤ ኩላሊትንም ይጠብቃል። ሥራው የሚታየው ከሳምንታት እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሆነ በ15 ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው ስሕተት ነው። ዓይን ያጠፋል በሚባለው ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን መጠኑ በክብደት ተሰልቶ ሲሰጥ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እምብዛም አይታይም፤ በዓይን ምርመራም ቀድሞ ይደረስበታል። በሌላ በኩል ክኒኑ ከወባ ይጠብቀኛል ብሎ መተማመን አይገባም፤ አጎበሩ ይሰቀል። ትኩሳት ሲነሣም ሉፐሱ ነው ብሎ ከመተኛት ደም መመርመር ይቅደም።

ከሁሉ የከፋው እምነት ግን ሉፐስ የቆዳና የቁርጥማት ነገር ብቻ ነው የሚለው ነው። ሰው የሚሞተው በሽፍታ አይደለም። ኩላሊት ሲጎዳ አያምም፤ ሽንት አረፋ በአረፋ ሲሆን፣ እግርና የዓይን ዙሪያ ሲያብጥ ጉዳቱ ርቆ ሄዷል። ቀድሞ ለማወቅ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የምታሳይ ትንሽ የመመርመሪያ ወረቀትና የደም ግፊት መለኪያ ብዙ ይረዳሉ። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይፈርድም። ታማሚዋ ቀጠሮ በሄደች ቁጥር «ሽንቴም ይታይልኝ» ትበል። ከወልድያ ሆስፒታል በላይ ሲያስፈልግ ደሴ አለ፤ ለቆዳው ቦሩ ሜዳ፤ ከባድ ሲሆን ጥቁር አንበሳ።

ፅንስ እየደጋገመ የወረደባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏታል። አንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ደማቸው እንዲረጋ የሚያደርግ ፀረ እንግዳ አካል አላቸው፤ ፅንሱ የሚወርደው በዚያ ከሆነ በአስፒሪንና በሄፓሪን፣ በሐኪም ክትትል፣ ብዙዎች ይወልዳሉ። ይኸው ፀረ እንግዳ አካል የቂጥኝን የመጀመሪያ ምርመራ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ ማረጋገጫው ሳይሠራ ትዳር አይፍረስ። ሉፐስ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች፤ በሽታው ቢያንስ 6 ወር ረግቶ መቆየቱና ፅንስ የሚጎዱ መድኃኒቶች አስቀድመው መቀየራቸው ግን ግድ ነው።

ጸበል የጀመረ ክኒን አይውጥም የሚለውን በተመለከተ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለሉፐስም ያው ነው። ሩቅያና ዱዓም ክኒን አያስቆምም። በረመዳን ሰዓቱን ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው «ያወፍራል» ብሎ በድንገት ካቋረጠ፣ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስላቆመ ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ተይዘው ጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ክኒን ማጣት በምርጫ የሚሆን ነገር እንዳልነበር የሰሜን ወሎ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ቢያንስ የአንድ ወር መጠባበቂያ ማስቀመጥ፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን የያዘ ወረቀትም ከመታወቂያ ጋር መያዝ ያስፈልጋል።